ደርበውን የገደለው ልጅ

በእኛ እድር አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሞተ ተብሎ አይለፈፍም። ከአቶ ደርበው በቀር።

የእድሩ ለፋፊ እኔ ነበርኩ። ወገኔ እባላለሁ። እንጅባራ ላይ ጡሩምባ ይዤ ብዙ ዘመን ዞሬያለሁ። ሰው ሲሞት የእድሩ ዳኛ ይልክብኛል፤ እኔ ጎህ ሲቀድ እወጣለሁ። ጡሩምባውን እነፋለሁ፤ ሰው ከእንቅልፉ እስኪነቃ ትንሽ እቆማለሁ። ከዚያ የሟቹን ስም፣ የማን ዘመድ እንደሆነ፣ የሚቀበርበትን ቤተ ክርስቲያንና ሰዓቱን እናገራለሁ። ወደሚቀጥለው ሰፈር አልፋለሁ። ሥራው ይኸው ነው።

ያን ጊዜ ከተማው እንዲህ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው አልተከፈተም። ጋሪ ከባጃጅ ጋር መንገድ ይጋፋ ነበር። አጥሩ አብዛኛው ቀርከሃ ነው። ጠዋት ጉም ሲወርድ የራስህን እጅ አታይም። ጉሙ ውስጥ ቆሜ ስለፍፍ ውሻ ይጮሃል፣ በር ሲጢጥ ይላል፣ አንዱ «ማን ነው አያ ወገኔ?» ብሎ ይጠይቃል። እነግረዋለሁ። «ነፍስ ይማር» ይላል። ፊቱን ሳላየው አልፋለሁ። ጉሙ ዛሬም ይወርዳል። እኔ ግን አልወጣበትም፤ ይናፍቀኛል።

በ2007 ዓ.ም. ድረስ የሚባል የልጄ ልጅ ከእኔ ጋር ይኖር ነበር። አሥረኛ ክፍል ነው። እናቱ ማሪቱ ገጠር ሆና ድንች እየሸጠች ታስተምረዋለች። ከሕፃንነቱ ድምፁ አይሰማም። እንግዳ ሲመጣ በጓሮ ይወጣል። ሲበላ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ዝክር ቤት ይዤው ብሄድ ሳይቀምስ ይመለሳል። ጨው ግዛ ብዬ ስልከው ሱቁ ደጃፍ ሰው ካለ፣ ሰዉ እስኪበተን መንገዱ ላይ ይመላለሳል። ወጡ እሳት ላይ ሆኖ ጨው ስንጠብቅ የምንውልበት ቀን ነበር።

ጎረቤቱ ሁሉ ያመሰግነዋል። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ አንገቱን የደፋ» ይሉኛል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። በአገራችን ዝም ያለ ልጅ የታረመ ልጅ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የድረስ ዝምታ ግን ከውስጥ ነቅዞ ኖሯል።

ያወቅሁት ከእንጅባራ ወጣ ብላ ባለችው መንደር፣ ጥርባ ላይ ነው። ጥቅምት ውስጥ የአንድ ሟች ዘመዶች እዚያ ስለነበሩ መርዶ ልነግር ሄድኩ። ከሚኒባስ ወርጄ በዘንገና ሐይቅ አፋፍ ሳልፍ ድረስን አየሁት። ደብተሮቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ውኃውን ያያል። የትምህርት ሰዓት ነው። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ደነገጠ፤ ግን አልተነሣም።

«ዛሬ ትምህርት የለም?» አልኩት።

«አለ አባባ።»

«ትናንትስ?»

«ነበረ።»

«ማን መታህ?»

«ማንም።»

«ወድቀሃል?»

«ባለፈው ዓመት አንደኛ ነው የወጣሁት፤ ረሱት?»

«ታዲያ?»

«የአንድ ለአምስት መሪ አደረጉኝ» አለ።

ያን ጊዜ ተማሪውን በአንድ ለአምስት ያደራጁት ነበር። ጎበዙ አምስቱን ይመራል። አርብ አርብ ክፍሉ ፊት ቆሞ ቡድኑ የሠራውን ያቀርባል።

«ይኼ ሹመት አይደለም እንዴ?»

«ሹመት ነው።»

«ሹመት ሰውን ሐይቅ ዳር ያስቀምጣል?»

ሣሩን ነጨ። «ስቆም እጄ ይንቀጠቀጣል አባባ። ጆሮዬ ይደነቁራል። የማውቀው ሁሉ ይጠፋል። ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው።»

«ዓይን የተፈጠረው ለማየት ነው።»

«አውቃለሁ። እርስዎ አይገባዎትም።»

እውነቱን ነው፣ አልገባኝም። ስለዚህ ተነሥቼ መንገዴን ቀጠልኩ። መርዶዬን ተናግሬ ስመለስ እዚያው ተቀምጦ ጠበቀኝ። አብረን ወደ ቤት ገባን።

እናቱ ሰምታ መጣች፤ ጸበል ወሰደችው። ሲመለስ እንቅልፍ ወሰደው፣ ፊቱም ለቀቅ አለ። አርብ ሲደርስ ግን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አስታውኮ ተመለሰ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ኃላፊ መምህርት ሜላት ቤቴ መጣች። ወጣት ናት፤ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች። ውኃ ብቻ ጠጥታ ነገሩን ነገረችኝ።

«አያ ወገኔ፣ ልጁ ሰነፍ አይደለም። ባለጌም አይደለም። ታሟል።»

«ምኑን?»

«ሕመሙ ሰው መፍራት ነው። ዳንግላ የአእምሮ ሕክምና የተማረች ነርስ አለች፤ እሷ ዘንድ ይውሰዱት። ክፍል ፊት መቆሙን እስከ ታኅሣሥ አቆይለታለሁ። ከትምህርት ግን አይቅር። እንዲህ ከቀረ ስሙ ይሰረዛል፤ ያኔ እኔም ላድነው አልችልም።»

ስሙ ከተሰረዘ ድረስ ገጠር ይገባል። ድንች መቆፈር ነውር የለበትም፤ እኔም ቆፍሬ ነው ያደግሁት። እሱ ግን የሚገባው ድንች ወዶ ሳይሆን ሰው ፈርቶ ነው። ፈርቶ የገባ ሰው ደግሞ ተመልሶ አይወጣም። ያስጨነቀኝ ይኼ ነው።

ቅዳሜ ወደ ዳንግላ ተሳፈርን። ነርሷ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ከመናኸሪያው በፊት ነው። መውረድ የፈለገ «ወራጅ አለ» ማለት አለበት። ድረስ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። የጤና ጣቢያው አጥር ሲታይ አየሁት፤ እሱም አየኝ። አፉን ከፈተና ዘጋው። እኔ ልልለት እችል ነበር። አላልኩም። መናኸሪያ ደርሰን በእግራችን ተመለስን።

«ለምን አላልክም?»

«ሰው ይዞራል።»

ነርሷ ሲስተር እህተማርያም ትባላለች። አጭር ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም። እኔንም አስቀመጠችኝ። የጠየቀችውን ሁሉ ወለሉን እያየ መለሰላት።

«ይኼ ዓይን አፋርነት ብቻ አይደለም» አለችው። «ሰው ፊት የመቅረብ ጭንቀት ነው። ስም ያለው ሕመም ነው። ብዙ ሰው አለበት። ይሻላልም።»

«ብዙ ሰው» ስትል ቀና ብሎ አያት። ከገባን ጀምሮ ያን ጊዜ ብቻ ነው ቀና ያለው።

«እናቱ ጸበል ወስዳው ነበር» አልኳት።

«ጸበሉን አይተው። እዚህም ይምጣ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።» ወደ እሱ ዞረች። «ክፍል ፊት ብትቆም ምን ይመጣል ብለህ ነው የምትፈራው?»

«እሳሳታለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ይስቁብኛል።»

«ከዚያስ?»

አፉን ከፈተ፤ የሚለውን አጣ። ጠበቀችው።

«እሱን አግኝተህ ትነግረኛለህ» አለችው። «አልቸኩልም።»

መድኃኒት አልሰጠችውም። የሰጠችው ሥራ ነው፤ ከቀላሉ ጀምሮ። መንገድ ላይ ለማያውቀው ሰው ሰላምታ መስጠት። ሱቅ ገብቶ ዋጋ ጠይቆ ሳይገዙ መውጣት። መንገድ ዳር ቆሞ ሙዝ መብላት። ልቡ ሲመታ ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ አለመሸሽ። እኔ ስሰማ እንደ ቀልድ መሰለኝ። ሙዟን ሲበላ ያየሁ ቀን ግን ቀልድ አለመሆኑ ገባኝ። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። እንጅባራ ነው፤ ብርድ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ እንሄዳለን። ከዕለታት አንድ ቀን የጤና ጣቢያው አጥር ሳይታይ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወራጅ» አለ። ረዳቱ አልሰማም። እኔ መንገዱን አየሁ።

«ወራጅ አለ» አለ ደግሞ፤ ጮክ ብሎ።

እንደፈራው ሚኒባሱ ሙሉ ዞረ። ሹፌሩ አቆመ።

«ቀስ በል ጎረምሳ፣ ጆሮዬን ለነገም እፈልገዋለሁ» አለው ረዳቱ።

ወረድን። ድረስ መንገዱ ዳር ቆሞ አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ። ሳቁን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር።

በዚያው ሰሞን ጉንፋን ያዘኝ፤ ድምፄ ተዘጋ። አንድ ሰው ሞቶ ጎህ ሲቀድ ስወጣ ድረስ ተከተለኝ። ጡሩምባውን ነፋሁ። ልናገር ስል ሳል ብቻ ወጣ።

«ልናገር አባባ?» አለኝ።

«ትችላለህ?»

«ጉም ነው። ማን ያየኛል?»

ተናገረ። የማን ድምፅ እንደሆነ እኔው ግራ ገባኝ። ወፍራም ነው፤ ሩቅ ይሄዳል። ያን ሁሉ ዘመን እንዲህ ያለ ድምፅ ይዞ ዝም ማለቱ ገረመኝ። ከአንዱ አጥር ውስጥ የያለምወርቅ ድምፅ መጣ። ያለምወርቅ የላይ ሰፈር አልቃሽ ናት፤ ለቀብር ሁሉ ግጥም የምትሰጥ።

«አያ ወገኔ፣ ዛሬ ጎረመሱ እኮ» አለች።

ድረስ ጉሙ ውስጥ ከጎኔ ሲስቅ ተሰማኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ እየነፋሁ እሱ መናገር ጀመረ። ለሲስተር እህተማርያም ሲነግራት ደስ አላት። «ጥሩ ነው» አለች። «ግን ጉም ይገለጣል። እያወቅህ ግባበት።»

ኅዳር ሲያልቅ የአቶ ደርበው እናት ወይዘሮ ስሜነሽ አረፉ። ዕድሜ ጠግበው ነው፤ የልጅ ልጅ ልጅ አይተዋል። አቶ ደርበው ባለ ወፍጮ ነው። ፊቱ አይፈታም፤ በዱቄት ምክንያት ያልተጣላት ሴት የለም። እኔ ሳሉ ስላልለቀቀኝ ሰፈሩን ተካፈልን። እኔ የታች ሰፈርን በር እያንኳኳሁ ልነግር ያዝኩ፤ ድረስ ጡሩምባውን ይዞ ብቻውን ወደ ላይ ወጣ። የሚለውን ቤት አስጠናሁት፤ «የእድራችን አባል የአቶ ደርበው እናት ወይዘሮ ስሜነሽ ስላረፉ» ብሎ ይጀምራል።

የሆነውን በኋላ ነገረኝ። ላይ ሰፈር የውኃ ቦኖው አጠገብ ቆሞ ጡሩምባውን ነፋ። ልክ ሲነፋ ፀሐይ ወጣ፣ ጉሙ እንደ መጋረጃ ተነሣ። ቦኖው ላይ ጀሪካን የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። የክፍሉ ልጆችም አሉበት። ሁሉም ዞረው ያዩታል። ሊሸሽ አሰበ። ግን ጡሩምባው ተነፍቷል፤ ሰው ይጠብቃል። ዓይኑን ጨፍኖ ተናገረ፤ ጨርሶም በፍጥነት ሄደ።

መስቀለኛው መንገድ ላይ ተገናኘን። «ጨረስኩ» አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ምን ሆንክ ልለው ስል ከላይ ሰፈር ኡኡታ መጣ።

«ወይኔ ደርበው፣ ወይኔ ወንድሜ።»

ተያየን። ድረስ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የተናገረውን መልሶ ለራሱ አለው።

«አባባ» አለ፣ «እናቱን ዘልያለሁ። አቶ ደርበው አረፈ ነው ያልኩት።»

መንገዱ ዳር አንድ ሚኒባስ ቆሞ ረዳቱ «ጥርባ፣ ጥርባ» ይላል። ድረስ ወደ ሚኒባሱ አየ። ሐይቁ ትዝ እንዳለው አውቄያለሁ። ዛሬ እዚያ ሄዶ ከተቀመጠ ነገም፣ ከነገ ወዲያም እዚያው ነው።

«ቤት ግባ» አልኩት። «ለፋፊው እኔ ነኝ፤ ስህተቱም የእኔ ነው እላለሁ።»

ጡሩምባውን ሰጠኝ። ሳልዞር ወደ ልቅሶው ቤት ሄድኩ።

ድንኳኑ ሞልቷል። አቶ ደርበው ጋቢውን ተከናንቦ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ገና አፌን ሳልከፍት የላይ ሰፈር ለቀስተኛ መንገዱን ሞልቶ ደረሰ። ያለምወርቅ ከፊት ናት። ነጠላዋን አደግድጋ ደረቷን እየደቃች ሙሾ ታወርዳለች፤

«እጀ ለስላሳው ደርበው፣ ለድሃ ያዘነ፣
ወፍጮህ ዝም አለ ወይ፣ ቤትህ ኦና ሆነ።»

እያለች ገባች። ደርበውን አየችው። እጇ ደረቷ ላይ ቀረ። ከኋላዋ ያሉት እየተገፉ ገብተው እነሱም አዩት፤ ልቅሶው ባንዴ ተቆረጠ። አንድ ሽማግሌ አማተበ።

ደርበው ቀስ ብሎ ጋቢውን ከራሱ አወረደ።

«ያለምወርቅ» አላት፣ «ባለፈው ሳምንት ዱቄቴን አጎደልክ ብለሽ ወፍጮ ቤት ደጃፍ አልሰደብሽኝም?»

«ሞተሃል ብለውኝ ነዋ» አለች።

«እና ስሞት ዱቄቱ ይሞላል?»

ማንም አልሳቀም። ደርበው ድንኳኑን አንድ ጊዜ ዞሮ አየ። «ማን ነው የገደለኝ?» አለ።

ልነሣ ጉልበቴን ያዝኩ። ሳልነሣ የድንኳኑ በር ላይ ድምፅ ተሰማ።

«እኔ ነኝ።»

ድረስ ነው። አንድ እጁ የድንኳኑን ምሰሶ ይዟል። ሰው ሁሉ ዞረ። ደረቱ ሲወጣና ሲወርድ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። ቀስ ብሎ ተነፈሰ። ምሰሶውን ለቀቀው።

«ጋሽ ደርበው፣ እኔ ነኝ። አረፉ ማለት የነበረብኝ እናትዎን ነው። ዘለልኳቸው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እናት ይዘለላል?»

«አይዘለልም።»

«ታዲያ ምን ነካህ?»

«ሰው አየኝ» አለ ድረስ።

ደርበው ልጁን ትክ ብሎ አየው። «አሁንስ የሚያይህ ምንድን ነው? ከብት ነው?»

«ሰው ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላወቅሁም። ከነጠላ ሥር ነው የጀመረው። ከዚያ ወደ አግዳሚው ተዛመተ፤ ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። የእድሩ ዳኛ እንኳ ፊቱን በከዘራው እጀታ ሸፈነ። ደርበውም ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ሲስቅ ዓይኑ ዕንባ ሞላ።

«እማዬ ብትኖር በሳቅ ትሞት ነበር» አለ። ከዚያ ዕንባውን ጠረገ። «ና ተቀመጥ። ያለምወርቅ ያን ሁሉ ያወረደችልኝ ባንተ ነው፤ ሞቼ ልሰማው አልችልም ነበር። የምር ስሞት ደግሞ የምትለፍፍልኝ አንተ ነህ፤ ለሌላ ሰው አልሰጥም። ንፍሮ ስጡት።»

ድረስ አግዳሚው መካከል ተቀመጠ። ንፍሮውን በሳህን ሰጡት። ጥቂት ፍሬ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። ለቀመውና በላው። ያን ያህል ሰው እያየው። እኔ እያየሁት እንደሆነ እንዳያውቅ ፊቴን ወደ ድንኳኑ ጨርቅ አዞርኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ስሜነሽን ቀበርናቸው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ዳንግላ ሄድን። «ወራጅ አለ» ብሎ ወረደ። ሲስተር እህተማርያም ሁሉንም አስወራችው፤ ከዚያ የድሮውን ጥያቄ አነሣችበት።

«ተሳሳትክ። ከዚያስ?»

«ሳቁብኝ።»

«ከዚያስ?»

ድረስ አሰበ። «ከዚያ ንፍሮ ሰጡኝ» አለ።

ሲስተሯ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ። አቧራ ነበር መሰለኝ፣ ዓይኔን አሸሁ።

ታኅሣሥ ላይ ክፍሉ ፊት ቆመ። እኔ አልነበርኩም፤ የነገረችኝ መምህርት ሜላት ናት። ሲጀምር ከኋላ አንዱ «ደርበውን የገደለው» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ድረስም ከነሱ ጋር ስቆ፣ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና ቀጠለ። ወረቀቱ በእጁ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ግን አልደበቀችኝም። ስሙ አልተሰረዘም። ቅጽል ስሙም አብሮት ቀረ፤ ሰፈራችን ዛሬም በዚያ ነው የሚያውቀው።

አሁን ጫግኒ እህል መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ድኛለሁ አይለኝም። ስብሰባ ያለበት ዋዜማ እንቅልፍ አይወስደውም። ድግስ ቤት በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ግን ይሄዳል፤ ይበላልም።

እኔ አርጅቼ ለፈፋውን ተውኩ። እድሩ ድምፅ ማጉያ ገዛ፤ ባጃጅ ላይ ጭነው ባንዴ ከተማውን ያዳርሱታል። ጡሩምባው ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። አንዳንድ ጠዋት ባጃጁ ሲያልፍ እሰማለሁ። ማን እንደሞተ ይነግራል። ቆሞ አይጠብቅም፤ «ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቀውም የለም።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ አቶ ደርበው ሞተ። ሚስቱ ልቅሶው መሃል ሰው ላከችብኝ። «ያን ልጅ ጥሩልኝ፤ ቃሉ ነው» አለች። ለድረስ ደወልኩ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ረጅም ነገር አይሆንም።

«ደርበው» አልኩት።

«የምር?»

«የምር።»

ማታ በመጨረሻው ሚኒባስ ደረሰ። ጡሩምባውን ከግድግዳው አውርዶ በእጅጌው ወለወለው። የእድሩ ሰዎች ባጃጁ ዝግጁ ነው ብለውት ነበር፤ በእግሬ እሄዳለሁ አላቸው። ጎህ ሲቀድ ወጣ። እኔ ከዘራዬን ይዤ እስከ በራችን ተከተልኩት። ጉም ነበር። ጡሩምባውን ነፋ። ሰው እስኪነቃ ቆመ። ከዚያ ያ ወፍራም ድምፅ መጣ።

«የእድራችን አባል፣ የወይዘሮ ስሜነሽ ልጅ፣ አቶ ደርበው ስላረፉ» አለ። እናቱን አልዘለለም።

ወደ ላይ ሰፈር ወጣ። አየሩ ጸጥ ብሎ ስለነበር ድምፁ ይሰማኛል። በር ተከፈተ፤ የያለምወርቅ ድምፅ ነው፣ እሷም አርጅታለች።

«ድረስ፣ ዛሬስ እውነት ነው?»

«እውነት ነው እትዬ።»

«ነፍስ ይማር» አለች።

ጡሩምባው እንደገና ተሰማ፤ አሁን ከቦኖው ጋ ነው። ብርዱ ጉልበቴን ያዘው፤ ግን አልገባሁም። ፀሐይ ወጥቶ ጉሙ ሲገለጥ ገና እየተናገረ ነበር።